«ጨረር ክፍል ገብተሽ ማን ሊያገባሽ ነው?»

ይህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የፍቅር ጉዳይ የሚወጋበት ነው። «ትታኝ ሄደች፣ ምን ላድርግ?»፣ «ቤተሰቦቹ አልወደዱኝም» የሚሉ ደብዳቤዎች ሲወጡ እኔም እንደናንተው አነባለሁ። የኔ ጉዳይ ግን ከሥራ ተነስቶ ፍቅር ላይ የሚያርፍ ነው። ከፈለጋችሁ ገልብጣችሁ አንብቡት።

ሴት ነኝ፤ ሀኪም ነኝ፤ ዕድሜዬ 29 ነው። ሀኪም መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ «ምን ስፔሻላይዝ አደረግሽ?» ይለኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ገና ነኝ» እያልኩ ኖርኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አገባሽ?» ነው። እሱንም «ገና ነኝ» እላለሁ። ሁለት «ገና» ተሸክሞ አዲስ አበባ ውስጥ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የደረሰባት ታውቀዋለች!

ለማያውቅ ላስረዳ። ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ጠቅላላ ሀኪም ይባላል። ከዚያ ወዲያ የቀዶ ጥገና፣ የሕፃናት፣ የማህፀንና ፅንስ ሀኪም ለመሆን ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ተጨማሪ ዓመታት ይማራል። ሬዚደንሲ የሚሉት ይህን ነው። እኛ አገር በጤና ሚኒስቴር በኩል አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ የትምህርቱን ዓይነትና የሚማሩበትን ቦታ በቅደም ተከተል ትሞላላችሁ፤ ከዚያ ድልድሉን መጠበቅ ነው። አንዴ ከወጣ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ቀላል አይደለም። ትዳርስ ቢሆን ሽማግሌ አለው።

የኔ ነገር የጀመረው ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ በጠቅላላ ሀኪምነት ስሠራ ነው። አንድ ቀን ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት የአራት ልጆች እናት መጣች። «የወር አበባዬ ተዛባ» አለችኝ እንጂ በሽታ ብላ አልነበረም የመጣችው። መርምሬ ሳያት የማህፀን በር ዕጢ ነው። ናሙና ተላከ፤ ካንሰር ሆኖ መጣ። በቀዶ ጥገና የሚወጣበት ጊዜ አልፏል፤ ነገር ግን በጨረርና በኬሞቴራፒ የመዳን ተስፋ ያለው ደረጃ ላይ ነበረች። ይህን ተማሪ እያለሁ ሸምድጄዋለሁ። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቷን በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩላትና ላክኋት። የድርሻዬን ተወጣሁ ብዬ ተኛሁ።

በሰባተኛ ወሯ ተመልሳ መጣች። ገና በሩ ላይ እያለች ሽታው ቀደማት። ዕጢው ፊኛዋን በስቶ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስ ነበር። እኔ አፌ ተያያዘ። እሷ ግን ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና «ዶክተር፣ ቀጠሮዬ እኮ አላለፈብኝም። ገና ሁለት ወር ይቀረዋል» አለችኝ። ጥፋቱ የሷ እንዳይመስለኝ ነበር የምታስረዳኝ!

ቀጠሮዋ ከመድረሱ በፊት አረፈች።

ከዚያ ቀን በኋላ «ምን ልማር?» የሚለው ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ማሽን ሲጀመር ለአገሩ ሁሉ እሱ ብቻ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም እሱ ብቻ ሆኖ ቆየ። ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት ዘመናዊዎቹ ማሽኖች በጥቁር አንበሳ፣ በጅማና በሐረር የተተከሉት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሀኪሙም ቢሆን ቀድሞ ውጭ አገር ሄዶ ነበር የሚማረው። እዚሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ሀኪሞች ሬዚደንሲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ወረፋው ለምን እንደዚያ እንደሚረዝም ገባኝ።

እናላችሁ ቤት ገብቼ «የካንሰር ሀኪም ልሆን ነው፣ በጨረር የሚያክም» አልኩ። አባዬ ዝም አለ። እማዬ «የማህፀን ሀኪም ሁኚ፣ ሴት ለሴት ታዝናለች» አለች። አክስቴ ግን ዓይኗን አፍጥጣ «ጨረር ክፍል ገብተሽ ማን ሊያገባሽ ነው?» ስትል ቡናው ተቋረጠ። ሊያገባኝ ያሰበው ልጅ እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር እኮ!

እጮኛዬ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። ረጋ ያለ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ነው። ማታ ሲሸኘኝ «ለምን ራዲዮሎጂ አትሞዪም? ያው ጨረር ነው» አለኝ። ያው አይደለም! ራዲዮሎጂ ራጁን፣ ሲቲ ስካኑን፣ ኤምአርአዩን እያነበበ በሽታውን የሚያገኘው ክፍል ነው። የጨረር ሕክምና በጨረሩ ዕጢውን የሚገድለው ነው። ስማቸው ተመሳስሎ ብዙ ሰው ያምታታል፤ ፈተና ሊሞሉ የተቀመጡ ሀኪሞች ሳይቀሩ ሲያምታቱ ሰምቻለሁ። ኪሳቸው ግን አይመሳሰልም። ራዲዮሎጂስት ቀን መንግሥት ቤት ውሎ ማታ የግል ምርመራ ማዕከል ይሠራል። የጨረር ሕክምና ማሽን ግን የብዙ ሚሊዮን ዕቃ ነው፤ ከአንድ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የኮንክሪት ቤት ይፈልጋል። ማንም ተነስቶ ሠፈር ውስጥ ክሊኒክ የሚከፍትበት ሥራ አይደለም። እጮኛዬ ይህን በልቡ ደምሮ ቀንሶ ጨርሷል። አልተቀየምኩትም። ኮንዶሚኒየም አልደረሰንም፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሃል አጎቴ ከዋሽንግተን ደወለ። «ምን አለፋሽ፣ ወደዚህ ነይና ተማሪ። ጨረር ሕክምና ላይ ቦታ ተርፎ ሰው ጠፋ እየተባለ ነው» አለኝ። ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም። አሜሪካ ገብቶ የሚሠራ አንድ የክፍል ጓደኛዬን ጠየቅሁት። እሱም አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። መጀመሪያ ሁለት ፈተና አለ፤ የመጀመሪያው ከ2022 ወዲህ ወደቀ ወይም አለፈ ብቻ ነው የሚባለው፣ ነጥብ የለውም። ከዚያ የውጭ ምሩቅ ማረጋገጫ ወረቀት። ከዚያ ማመልከቻ፣ ቃለ መጠይቅ። ቀጥሎ እኛም እነሱም ምርጫችንን በቅደም ተከተል እንሞላለን፣ ኮምፒዩተር ያጋባናል፤ ውጤቱ በመጋቢት፣ በፈረንጆቹ ማርች ሦስተኛ ዓርብ ይታወቃል። ትምህርቱ ከመጀመሪያው የጠቅላላ ልምምድ ዓመት ጋር አምስት ዓመት ነው። በመላው አሜሪካ በዓመት ያለው ቦታ ደግሞ 200 አይሞላም!

«ታዲያ ተርፏል የሚባለው?» አልኩት። «እውነት ነው፣ በ2019 ብዙ ቦታ ሳይሞላ ቀርቶ ነበር። የአገሩ ተማሪዎች ተመርቀን ሥራ አናገኝም ብለው ፈርተው ነው የሸሹት። ግን ልምከርሽ፣ ክፍት ቦታ ስታዪ ከመሮጥሽ በፊት ለምን ክፍት እንደሆነ ጠይቂ» አለኝ። ይህን ምክር ለቤት ኪራይም ተጠቀሙበት።

ይበልጥ ያስቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነሱ ዘንድ የጨረር ሀኪም ጨረር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ኬሞቴራፒው የሌላ ሀኪም ሥራ ነው። እኛ አገር እንደ እንግሊዞቹ ክሊኒካል ኦንኮሎጂስት የሚባለው ሁለቱንም ይሠራል። አምስት ዓመት ለፍቼ ብመለስ ግማሹን ሥራ ብቻ የማውቅ ሰው ልሆን ነው። ደግሞስ እመለሳለሁ ወይ? እስቲ እውነቱን እንነጋገር... የአጎቴ ስልክ ሲዘጋ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። አሜሪካን ከዝርዝሬ ሰረዝኩት። ለሌላው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሄዱትን አልኮንንም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በሳምንቱ እሑድ የእጮኛዬ እናት ቡና ጠሩኝ። ደግ ሴት ናቸው። ፈንዲሻውን አቀረቡ፣ ሁለተኛው ላይ ደረስን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ያ ጨረር የሚሉት ነገር ማህፀን ያደርቃል ይባላል። እኔ ክፉ ማሰቤ አይደለም። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ የልጅ ልጅ ሳላይ...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። ወደ እጮኛዬ ዞርኩ። ስኒውን ያገላብጣል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። የሽማግሌ ነገር በዚያው ሰሞን ሊነሳ ታስቦ ነበር፤ «ድልድሉ ይውጣና» ተባለ። ያ ዝምታ ከአክስቴ ጩኸት ይልቅ አመመኝ።

የሚያሳፍረው ነገር እኔም ራሴ ፈርቼ ነበር። ሀኪም ሆኜ! ፊዚክስን አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ተገላገልኩት ብዬ የደስደስ ሻይ የጋበዝኩ ሰው ነኝ። ስለ ጨረር የማውቀው ለፈተና የሸመደድኩትን ነው።

ስለዚህ ከመሙላቴ በፊት ሄጄ ላየው ወሰንኩ። ሁለት ቦታ ሄድኩ። አንዱ ስሙ የገነነ ነው፤ ሌላው አዲስ ማሽን የገባለት። ስማቸውን አልጠራም። ጉብኝት ብዬ በደብዳቤ አልሄድኩም፤ በተራ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብቼ እስከ ማታ ዋልኩ። በደብዳቤ የሄደ ሰው ንጹሕ ጋውንና ፈገግታ ነው የሚያየው።

ስሙ የገነነው ዘንድ ኮሪደሩ ላይ መቆሚያ አልነበረም። ጋቢ የለበሱ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ መሬት ላይ የተኙ... ያቺን የኔን ሴት ወረቀት የመሰለ ወረቀት የሁሉም እጅ ላይ አለ። አለቃየው ሀኪም በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ስለ ክፍሉ ብዙ መልካም ነገር ነገሩኝ። እውነተኛውን ወሬ ያገኘሁት ግን እሳቸው ስብሰባ ከሄዱ በኋላ፣ ሁለተኛ ዓመት ከሆነች ሬዚደንት ነው። ዳቦ በሻይ እየበላች «ማሽኑ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ቆሞ ነበር፤ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ» አለችኝ። «ታዲያ ምን ትማሪያለሽ?» አልኳት። «በሽታውን ብቻ እንዳይመስልሽ የምታክሚው፤ ወረፋውንም ነው። ማን ይቅደም የሚለውን ስትወስኚ ነው የምታድሪው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ የማላየው የካንሰር ዓይነት የለም። ዕጢውን በሲቲው ሥዕል ላይ ራሴ ነኝ የምሥለው፣ ሲኒየሩ ያርመኛል። ሳይታረም አይገባም።»

ይህ «መሣል» የሚሉት ነገር ዋናው ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሀኪሙ በሲቲ ስካኑ ላይ፣ እየቆራረጠ፣ ዕጢውን በአንድ ቀለም፣ ፊኛውን በሌላ፣ አንጀቱን በሌላ ያከባል። ፊዚሲስቱ ጨረሩ በየት በኩል ቢገባ ዕጢውን መትቶ ሌላውን እንደሚያተርፍ ያሰላል። ስታችሁ ከሣላችሁ የሰውየው አንጀት ሊቃጠል፣ ወይም ዕጢው ሊያመልጥ ይችላል። ሬዚደንት ስትሆኑ በቀን ስንት እንደምትሥሉና ማን እንደሚያርማችሁ ካልጠየቃችሁ ምንም አልጠየቃችሁም ማለት ነው። አሜሪካኖቹስ አንድ ሬዚደንት ሳይመረቅ ቢያንስ 450 ሕሙማንን በውጭ ጨረር ማከም አለበት ብለው ቁጥር የቆረጡት ለዚህ አይደል?

ፊዚሲስቱን ስለ ፍርሃቴ ጠየቅሁት። እየሳቀ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ወሰደኝ። በሽተኛዋ ብቻዋን ከኮንክሪቱ ቤት ውስጥ ናት፤ በሩ ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹ ውጭ ሆነው በካሜራ ያዩዋታል። «ሊኒየር አክስለሬተር መብራት ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ እንደ አምፖል ቁጠሪው። ኮባልት ግን አይጠፋም፣ ስለዚህ በወፍራም መከለያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለኝ። ከዚያ ስለ ወረፋው ያላሰብኩትን ነገር ጨመረልኝ። ኮባልት በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ኃይሉ በግማሽ ከወረደ ያው በሽተኛ እጥፍ ደቂቃ ይተኛል። ምንጩ በጊዜ ካልተለወጠ ሰው ሳይጨመር ወረፋው ብቻውን ይረዝማል! ሴትየዋ ትዝ አለችኝ።

ደረቱ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ባጅ አሳየኝ። የደረሰባችሁን ጨረር የምትቆጥር ናት፤ በየጊዜው ትነበባለች። ለሠራተኛ የተፈቀደው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። እርጉዝ መሆኗን ያሳወቀች ሴት ሥራዋ ይስተካከልላታል፤ ለፅንሱ በቀረው የእርግዝና ጊዜ ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ተብሎ። ማሽኑን የምታሠራዋ ቴክኖሎጂስት ወሬያችንን ሰምታ «እኔ ሁለቱንም ልጆቼን እዚሁ እየሠራሁ ነው የወለድኩት። አንዱማ ሰፈሩን አሸብሮታል» አለች። ፊዚሲስቱ ሲያሰናብተኝ «ደግሞ አትርሺ፣ ርቀትሽ እጥፍ ሲሆን የሚደርስሽ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል» አለኝ። አማት ላይም ይሠራ ይሆን ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም።

ሁለተኛው ቦታ ሲያዩት ደስ ይላል። ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ማሽኑ ገና ላስቲኩ የተነሳለት የሚመስል። በልቤ «እዚህ ነው!» አልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን «ብራኪቴራፒ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የማህፀን በር ካንሰር ሲታከም ከውጭ ሃያ አምስት ቀን ያህል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጨረር ይሰጣል፤ በመጨረሻ ግን ምንጩ ራሱ በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ገብቶ ዕጢውን ከቅርብ መምታት አለበት። ብራኪቴራፒ ይኸው ነው፤ እሱ ከቀረ የመዳኑ ዕድል በጣም ይወርዳል። «ገና ነው፣ ይመጣል» አሉኝ። የሚያስተምረው ሲኒየርም ጥቂት ነው። ክፉ ቦታ ሆኖ አይደለም። ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ አዲስ ክፍል ከመሠረቱ መገንባት ለሚወድ፣ ግሩም ነው። እኔ ግን የሄድኩት ያቺን ሴት ማከም ልማር ብዬ ነው። እሷን የማላክምበት ቦታ ምን ላደርግ?

አንድ ቀን ለእጮኛዬ «ከሥራ ስትወጣ ከኮሪደሩ ውሰደኝ» አልኩት። የሬዚደንቷን ማስታወሻ እየገለበጥኩ ሆን ብዬ ዘገየሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ስወጣ አንድ ሽማግሌ አባት ክራቫት አስሮ ሲያዩት ሀኪም መስሏቸው ኖሮ የቀጠሮ ወረቀታቸውን አስነብበውታል። ቀኑ አራት ወር ይርቃል። እሱ በጣቱ እየቆጠረ «አባባ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው» ይላቸዋል። እሳቸው «እግዜር ያክብርልኝ ልጄ» ብለው ወረቀቱን ሳም አድርገው ኪሳቸው ከተቱ። መኪና ውስጥ ገብተን ሜክሲኮ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ልናገር አፌን ስከፍት «ለእማዬ እኔ ነግራታለሁ» አለኝ።

ምን ብሎ እንደነገራቸው ዛሬም አልነገረኝም። እኔ ግን መጀመሪያ ምርጫዬ ላይ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ፣ ያንኑ የተጨናነቀውን ቦታ ሞላሁ። ሁለተኛና ሦስተኛዬን ስሞላ እጄ ተንቀጥቅጧል፤ እሱን አልክድም። ደሞዙ ያው ነው፣ ኮንዶሚኒየሙም አልወጣልንም። ሬዚደንቷን «ታለቅሺያለሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ዓርብ ዓርብ» አለችኝ።

ድልድሉ ሲወጣ ስሜ መጀመሪያ የሞላሁት ላይ ነበር። በግንቦት ሽማግሌ ተላከ። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ የእጮኛዬ እናት ዘንድ ቡና ተጠራሁ። ቀጥታ ከሥራ ስለሄድኩ ባጄ ደረቴ ላይ እንደተሰካች ነበር። አዩዋት፣ ጠጋ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጓት።

«የምትቆጥረው ይቺ ናት?»

«አዎ፣ ይቺ ናት።»

«ታዲያ አታውልቂያታ» አሉኝና ስኒ ሊያጥቡ ገቡ።